ሞገዱ ይሄዳል፣ ውሃው ይቀራል

መስከረም ሲጠባ ከወላይታ ሶዶ ወደ ቦዲቲ በሚወስደው መንገድ ዳር ጤፉ ገና ለምለም ነው። ነፋስ ሲነሣ ማሳው ላይ አንድ ነገር ይሮጣል፤ ከወዲያኛው ዳር ተነሥቶ እየተጥመለመለ እስከ አስፋልቱ ጠርዝ ይደርሳል። የሮጠው ግን ጤፉ አይደለም። እያንዳንዱ ቡቃያ ጎንበስ ብሎ ቀና ከማለት በቀር የበቀለበትን ቦታ አልለቀቀም። ከ500 ዓመታት በፊት ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ በጣሊያን የእህል ማሳ ላይ ይህንኑ አይቶ፣ በውሃ ላይ የሚሆነውም እንደዚሁ መሆኑን በማስታወሻው አሰፈረ። ሞገዱ ከተነሣበት ይርቃል፤ ውሃው ግን እዚያው ከፍ ዝቅ ብሎ ይቀራል።

የውሃ ሞገድን የመረዳት ታሪክ ከዚህ ቢጀመር ተገቢ ነው። ምክንያቱም ከዚያ በኋላ የመጣው ዕውቀት አብዛኛው የተገኘው ሰው በየቀኑ በሚያልፍባቸው ቦታዎች ነው፤ በኩሬ ዳር፣ በቦይ ዳር፣ በሐይቅ ወደብ። እነዚህ ቦታዎች ደግሞ ለወላይታ ሰው እንግዳ አይደሉም።

እ.ኤ.አ. በ1687 አይዛክ ኒውተን «ፕሪንሲፒያ» በተባለው መጽሐፉ ሞገድን በሒሳብ ለመያዝ ሞከረ። ሁለት ክንድ ባለው ቱቦ ውስጥ ወዲያና ወዲህ የሚወጣና የሚወርድ ውሃን ምሳሌ አድርጎ፣ በሁለት የሞገድ ጫፎች መካከል ያለው ርቀት አራት እጥፍ ሲሆን የሞገዱ ፍጥነት እጥፍ እንደሚሆን አሳየ። ቅንጣቶቹ ቀጥ ብለው ከመውጣትና ከመውረድ ይልቅ ክብ እንደሚዞሩ ጠርጥሮ፣ ስሌቱ ግምት መሆኑንም አብሮ ተናገረ። ጥርጣሬው ትክክል እንደነበር የሚያሳይ ሰው እስኪመጣ ከመቶ ዓመት በላይ አለፈ።

በዚህ መካከል አንድ መርከብ ላይ ከማድ ቤት የተደፋ እጣቢ የራሱን ትምህርት ሰጠ። እ.ኤ.አ. በ1757 ቤንጃሚን ፍራንክሊን ወደ እንግሊዝ ሲጓዝ፣ አብረው ከሚሄዱት መርከቦች የሁለቱ ዱካ ከሌሎቹ ይልቅ ለስላሳ ሆኖ አየው። የመርከቡን አዛዥ ቢጠይቀው፣ ወጥ ቤቶቹ ቅባት ያለበትን ውሃ ስለደፉ ነው አለው። ፍራንክሊን ነገሩን አልረሳውም። በኋላ ለንደን ውስጥ ክላፋም በሚባለው ሜዳ ነፋስ በሚያንቀጠቅጠው ኩሬ ላይ አንድ የሻይ ማንኪያ የማይሞላ ዘይት ጠብ ሲያደርግ፣ ዘይቱ እየተስፋፋ ግማሽ ኤከር፣ ማለት 2,000 ካሬ ሜትር ያህል፣ እንደ መስተዋት አረጋው። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1774 ታተመ። ነፋስ ታላቅ ሞገድ የሚያነሣው መጀመሪያ በሚፈጥራቸው ትናንሽ ሽብሽቦች ላይ እየተደገፈ ነው። ስሱ የዘይት ሽፋን ሽብሽቦቹን ያጠፋቸዋል፤ ነፋሱም የሚይዘው ያጣል። ሶዶ ውስጥ የቁርጥና የክትፎ ሳህን ታጥቦ እጣቢው መንገድ ዳር ባቆረ ውሃ ላይ ሲደፋ፣ ነፋስ የሚያርገበግበው ገጽ ቀጥ የሚለው በዚሁ ምክንያት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1781 ላግራንዥ የተባለው የሒሳብ ሊቅ ለዚህ ትረካ ዋና የሆነውን ሕግ አገኘ። የሞገዱ ርዝመት ከውሃው ጥልቀት እጅግ የሚበልጥ ከሆነ፣ ፍጥነቱን የሚወስነው ጥልቀቱ ብቻ ነው። ጥልቀቱ አራት እጥፍ ሲሆን ፍጥነቱ እጥፍ ይሆናል። ይህን ልብ ይሏል፤ አባያ ሐይቅ ስንደርስ እንመለስበታለን።

እ.ኤ.አ. በ1820 ደግሞ ጆርጂዮ ቢዶኔ የተባለ የቱሪን መምህር በቦይ ውስጥ በፍጥነት የሚፈስ ውሃ በድንገት ጉብ ብሎ ሲዘገይ የሚያሳይ ጥናቱን አሳተመ። በሶዶ የሰፈር ቦኖ ጀሪካን ይዞ ወረፋ የጠበቀ ሰው ሁሉ ይህን አይቶታል። ውሃው ከቧንቧው ወርዶ ሲሚንቶው ላይ ሲያርፍ በመጀመሪያ ስስና ለስላሳ ክብ ሆኖ ይስፋፋል። ጥቂት ሄዶ እንደ ቀለበት ጉብ ይላል፤ ከቀለበቱ ውጭ ወፈር ብሎና ቀስ ብሎ ይሄዳል። ቀለበቱ ድንበር ነው። ከውስጡ ውሃው ከሞገድ ይበልጥ ይፈጥናል፤ ስለዚህ እዚያ የተነሣ ሞገድ ሁሉ ወደ ውጭ ይጠረጋል እንጂ ወደ መሐል መመለስ አይችልም። ከውጭ ግን ሞገዱ ከፍሰቱ ይፈጥናል። ቀጭን እንጨት ከቀለበቱ ውስጥና ከውጭ በየተራ አስነክቶ ማየት ይቻላል። ቧንቧው ጠበቅ ሲደረግ ቀለበቱ ይጠባል፣ ሲላላ ይሰፋል። ሞገድ ምን እንደሆነ ለልጅ ለማስረዳት ከዚህ የሚሻል ቦታ አላውቅም።

የኒውተንን ጥርጣሬ በዓይን ያዩት ሁለት ጀርመናውያን ወንድማማቾች ናቸው፤ ኤርንስት ሃይንሪሽና ቪልሄልም ቬበር። ሜርኩሪ በወረቀት ማንቆርቆሪያ ወደ ዕቃ ሲገለበጥ ገጹ ላይ የወጣው የተስተካከለ ንድፍ ነበር ጉዳዩን ያስጀመራቸው። ከዚያም ጎኑ መስተዋት የሆነ ጠባብና ረጅም ገንዳ ሠርተው በውስጡ የሚንሳፈፉ ደቃቅ ነገሮችን ተከታተሉ። እ.ኤ.አ. በ1825 ባሳተሙት መጽሐፍ እንዳሳዩት፣ ሞገድ ሲያልፍ ከገጹ አጠገብ ያለ ቅንጣት ክብ ዞሮ ወደ ቦታው ገደማ ይመለሳል። ወደ ታች በተኬደ ቁጥር ክቡ ያንሳል። የሞገዱን ርዝመት ግማሽ ያህል ከተወረደ እንቅስቃሴው ከነጭራሹ የጠፋ ያህል ነው። በጣም ጥልቅ ባልሆነ ውሃ ላይ ግን ክቦቹ ወለሉን ሲቃረቡ ይጨፈለቁና ወዲያ ወዲህ የሚል ጠፍጣፋ ጉዞ ይሆናሉ።

እ.ኤ.አ. በ1831 ማይክል ፋራዴይ በሚርገበገብ ሰሌዳ ላይ ያለ ውሃ እንዴት እንደሚሸበሸብ አጠና። ሞተሩ ተነሥቶ የቆመ የአይሱዙ ኮፈን ላይ፣ ወይም በወፍጮ ቤት ወለል ላይ በተቀመጠ ባልዲ ውስጥ ያለ ውሃ እንደ ወንፊት በአራት ማዕዘን ሲሸበሸብ ያየ ሰው የፋራዴይን ሞገድ አይቷል። ፋራዴይ እንዳስተዋለው ወለሉ ሁለት ጊዜ ሲርገበገብ ውሃው ከፍ ዝቅ የሚለው አንዴ ብቻ ነው።

ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በነሐሴ 1834 እ.ኤ.አ.፣ እኛ ዘንድ መሳፍንቱ ሲዋጉ፣ ስኮትላንድ ውስጥ ኤዲንብራ አጠገብ አንድ ወጣት መሐንዲስ በፈረስ ተቀምጦ የጀልባ ጉዞ ይመለከት ነበር። ስሙ ጆን ስኮት ራስል ነው። ሁለት ፈረሶች በጠባብ ቦይ ውስጥ የሚጎትቱት ጀልባ በድንገት ሲቆም፣ ከፊቱ የተከማቸው ውሃ አልቆመም። አንድ ብቻውን የሆነ፣ ክብና ለስላሳ ጉብታ ሆኖ ጀልባውን ትቶ ሄደ። ራስል ፈረሱን አስነሥቶ ተከተለው። ጉብታው 9 ሜትር ያህል ርዝመትና ከ30 እስከ 45 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ነበረው፤ በሰዓት 13 ወይም 14 ኪሎ ሜትር ይጓዛል፤ መልኩም አይለወጥም። ሁለት ሦስት ኪሎ ሜትር ከሄዱ በኋላ በቦዩ ጥምዝምዞች መካከል ጠፋው።

ይህን ሰው የምወደው ከዚያ በኋላ ባደረገው ነው። ቤቱ ገብቶ ገንዳ ሠራ፣ ጉብታውን ደጋግሞ አስነሣ፣ ለካ። ከፍ ያለው ጉብታ ዝቅ ካለው እንደሚፈጥን አረጋገጠ። የዘመኑ ትልልቅ የሒሳብ ሊቃውንት፣ ኤሪና ስቶክስ ሳይቀሩ፣ እንዲህ ያለ ሞገድ መልኩን ሳይለውጥ መሄዱን ተጠራጠሩ፤ ስሌታቸው አይፈቅድም ነበርና። ራስል እ.ኤ.አ. በ1882 ሞተ። አምስተርዳም ውስጥ ኮርተቬግና ተማሪው ደ ፍሪስ የእርሱን ሞገድ የሚፈቅድ ስሌት ያሳተሙት ከ13 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1895 ነው። በፈረስ የተከተለው ሰው ትክክል ነበር።

ራስል በሕይወት ሳለ በስዊዘርላንድ ሌላ ትዕግሥተኛ ሰው ሥራ ጀምሮ ነበር። ፍራንሷ አልፎንስ ፎሬል ይባላል፤ ቤቱ ሞርዥ በምትባል በጄኔቫ ሐይቅ ዳር ባለች ከተማ ነው። የሐይቁ ሰዎች ውሃው ነፋስ ሳይኖር በወደቡ ከፍ ብሎ ቆይቶ ዝቅ እንደሚል ያውቁ ነበር፤ «ሴሽ» ይሉታል። ፎሬል እ.ኤ.አ. ከ1869 ጀምሮ ይህን መከታተል ያዘ። መሣሪያው ያው የቤት ዕቃ የሚመስል ነበር፤ በዳርቻው አሸዋ ላይ የተዘጋጀች ትንሽ ገንዳ፣ ከሐይቁ ጋር የሚያገናኛት ቱቦ፣ ውሃው መግባቱንና መውጣቱን የሚያሳይ ተንሳፋፊ። በዚህ ያገኘው ነገር ሐይቁ በሙሉ እንደ ሚዛን የሚወዛወዝ መሆኑን ነው። በአንዱ ዳር ከፍ ሲል በሌላው ዝቅ ይላል፤ አንዱ ውዝዋዜ ለመጠናቀቅ 73 ደቂቃ ገደማ ይወስዳል። ነፋስ ወይም የአየር ግፊት ለውጥ ውሃውን ወደ አንድ ዳር ይገፋና ሲለቀው ውዝዋዜው ይጀምራል። በሣፋ ውሃ ተሸክሞ ሲራመድ ውሃው ወዲያና ወዲህ እያለ የፈሰሰበት ሰው ነገሩን በትንሹ ያውቀዋል። የሣፋው በሰከንድ ውስጥ ያልቃል፤ የሐይቁ በሰዓት።

ሜሪያን የተባለ የባዝል ሰው እ.ኤ.አ. በ1828 የዚህን ጊዜ ማስሊያ አዘጋጅቶ ነበር። መንገዱ ቀላል ነው። በላግራንዥ ሕግ ሞገዱ የሚሄድበትን ፍጥነት ከጥልቀቱ ማወቅ፤ ከዚያ የሐይቁን ርዝመት ደርሶ መልስ ለመሄድ የሚወስድበትን ጊዜ ማስላት።

እ.ኤ.አ. በ1871፣ በኋላ ሎርድ ኬልቪን የተባለው ዊልያም ቶምሰን በመርከቡ እየተንሳፈፈ በውሃው ላይ የተንጠለጠለ የዓሣ ማጥመጃ ክር የሚፈጥራቸውን ሽብሽቦች አይቶ፣ የውሃ ሞገድ በሰከንድ ከ23 ሳንቲ ሜትር በታች በሆነ ፍጥነት እንደማይሄድ አሰላ። ከዳሞታ ተራራ ሥር በሚወርድ ጅረት ላይ ከቆመ ቀጭን ስንጥር ፊት ደቃቅ ሽብሽቦች ተሰልፈው ከታዩ፣ ጅረቱ ከዚያ ይፈጥናል ማለት ነው። ካልታዩ ይዘገያል። ያለ ሰዓትና ያለ ሜትር የሚሠራ መለኪያ ነው።

አሁን አባያ ዘንድ ደረስን። በ1887 ዓ.ም. የአፄ ምኒልክ ጦር የወላይታውን ንጉሥ ካዎ ጦናን ወግቶ ወላይታን ያዘ፤ ብዙ ሕዝብ አለቀ። ጥቂት ቆይቶ፣ ኮርተቬግና ደ ፍሪስ ስሌታቸውን ባሳተሙበት በ1895 እ.ኤ.አ.፣ ጣሊያናዊው ቪቶሪዮ ቦቴጎ ከሕንድ ውቅያኖስ ዳርቻ ተነሥቶ ወደ ኦሞ ጉዞ ጀመረ። በቀጣዩ ዓመት አባያ ደርሶ ሐይቁን በአገሩ ንግሥት ስም «ማርጋሪታ» ብሎ ሰየመው፤ ስሙም በአውሮፓ ካርታዎች ላይ ለረጅም ጊዜ ቆየ። ቦቴጎ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1897 ወለጋ ውስጥ ተገደለ። ሐይቁ ግን ከእርሱ በፊትም በኋላም ስም ነበረው። በጊዲቾ ደሴት የሚኖሩና በዳርቻው ያሉ ሰዎች ከቀላል እንጨት በታሰረ ታንኳ ይሻገሩታል። ለእነርሱ ሞገድ የሒሳብ ጥያቄ ከመሆኑ በፊት ጉማሬና አዞ ባለበት ውሃ ላይ የሕይወት ጉዳይ ነው።

ቦቴጎ ለካርታ የሚሆነውን ዳርቻ አየ። እኔን የሚገርመኝ ግን ከካርታው የማይነበበው ነው። አባያ ከሰሜን ወደ ደቡብ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል፤ ጄኔቫ ሐይቅም ከ70 ኪሎ ሜትር ብዙ አያልፍም። በርዝመት የሚቀራረቡ ናቸው። በጥልቀት ግን አይገናኙም። የጄኔቫ አማካይ ጥልቀት 150 ሜትር ገደማ ነው፤ የአባያ 7 ወይም 8 ሜትር። በላግራንዥ ሕግ የአባያ ረጅም ሞገድ በሰከንድ ከ9 ሜትር ያነሰ፣ ማለት በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳል። ደርሶ መልስ 120 ኪሎ ሜትር ነው። አንዱ ውዝዋዜ እንግዲህ ወደ 4 ሰዓት ይጠጋል። ፎሬል በአንድ ሰዓት ከሩብ ያየውን የአባያ ውሃ ከጠዋት እስከ እኩለ ቀን ተጉዞ ይጨርሰዋል።

የአባያ ቀይ መልክም ከዚሁ ጥልቀት ጋር የተያያዘ ነው። ቢላቴ፣ ሐሜሳ፣ ጊዳቦና ገላና ከደጋው የሚያመጡት ደቃቅ አፈር በጥልቅ ሐይቅ ውስጥ ቢሆን ወርዶ በዘቀጠ ነበር። እዚህ ግን ነፋስ የሚያነሣው 10 ሜትር የሚረዝም ሞገድ 5 ሜትር ጥልቀት ላይ ሲደርስ ወለሉን መንካት ይጀምራል። ቬበሮች ያዩት ጠፍጣፋ ጉዞ ጭቃውን እየጠረገ ያነሣዋል።

እ.ኤ.አ. በ1910 እንግሊዛዊው ቮን ኮርኒሽ በተዳፋት ቦዮች ላይ ውሃ እኩል መፍሰሱን ትቶ እየተከታተለ በሚወርድ ደረጃ እንደሚሄድ የሚናገር መጽሐፍ አወጣ። ሃሮልድ ጄፍሪስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1925 ምክንያቱን አሳየ፤ ስስ ፍሰት ከራሱ ሞገድ ሁለት እጥፍ ያህል ሲፈጥን እኩል ሆኖ መቆየት አይችልም። የሶዶ ሰው ይህን ለማየት ቦይ አያስፈልገውም። ከተማዋ በዳሞታ ተዳፋት ላይ ናት። ክረምት ላይ ከባድ ዝናብ ሲወርድ ቁልቁለት አስፋልቱን የሸፈነው ስስ ውሃ በቅስት ቅስት ሆኖ፣ አንዱ ሌላውን እያባረረ ሲወርድ ከሱቅ በረንዳ ሥር ተጠልሎ መመልከት ይቻላል።

ሞገድን የሚያነሣው ነፋስና ፍሰት ብቻ አይደለም። ጥቅምት 9 ቀን 1963 እ.ኤ.አ. ማታ ጣሊያን ውስጥ ቫዮንት በተባለ፣ 262 ሜትር ከፍታ ባለው ግድብ ሐይቅ ዳር ተራራ ተደርምሶ ወደ ውሃው ገባ። የተነሣው ሞገድ ግድቡን ዘሎ ከታች ያሉ መንደሮችን ጠረገ፤ 2,000 ያህል ሰው አለቀ። ግድቡ አልፈረሰም። ከዚያ ወዲህ በገደል መካከል ግድብ ሲታሰብ የገደሎቹ ጎን አብሮ ይመረመራል።

በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ገደማ የአባያንና የጫሞን ወለል በጥልቀት መለኪያ ያጠኑት፣ ሥራቸውንም በድሬስደን ቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ በዶክትሬት ያጠናቀቁት ዶክተር ስለሺ በቀለ ናቸው። በኋላ የአገሪቱ የውሃ ሚኒስትር ሆነው አገልግለዋል። ያለ እንዲህ ዓይነት ልኬት ከላይ ያለው የ4 ሰዓት ስሌት ባዶ ወሬ ይሆን ነበር።

በታኅሣሥ 2004 እ.ኤ.አ. ሱማትራ አጠገብ የተነሣው ሱናሚ የሕንድ ውቅያኖስን አቋርጦ ጎረቤታችን ሶማሊያ ደረሰ፤ እዚያም ብዙ ሰው ገደለ። 4 ኪሎ ሜትር ጥልቀት ያለው ውቅያኖስ መቶዎች ኪሎ ሜትር ለሚረዝም ሞገድ ጥልቀት የሌለው ኩሬ ነው። ስለዚህ ያው የላግራንዥ ሕግ ይሠራበታል፤ አባያ ላይ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሰጠን ስሌት እዚያ በሰዓት 700 ኪሎ ሜትር ይሰጣል።

ታኅሣሥ 8 ቀን 2009 ዓ.ም. በወላይታና በዳውሮ መካከል በኦሞ ወንዝ ላይ የተሠራው ግልገል ግቤ 3 ተመረቀ። ከፍታው 243 ሜትር፣ አቅሙ 1,870 ሜጋ ዋት ነው፤ ወደ ኋላ የተኛው ውሃ 150 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል። ወላይታ በዚህ ግድብ ሁለተኛ ዓይነት ውሃ አገኘች። በምሥራቅ ሰፊና ጥልቀት የሌለው አባያ፤ በምዕራብ ጠባብና ጥልቅ የግድብ ሐይቅ። በግድቡ አጠገብ ነፋስ የሚያነሣው ሞገድ ወለሉን ፈጽሞ አይነካም፤ ጭቃም አያነሣም። ግድቡ አናት ላይ ከከፍተኛው የውሃ ልክ በላይ ትርፍ ከፍታ የሚተወው ለእንዲህ ያለው ሞገድ ነው።

በ1999 ዓ.ም. የተቋቋመው ወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ ከአባያ ሩቅ አይደለም። በአባላ አባያና በሁምቦ ያሉ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ደግሞ ከዚያም ይቀርባሉ። የፊዚክስ መምህራን፣ እባካችሁ ይህን ሞክሩ። የአካባቢውን ዓሣ አጥማጆች ጠይቃችሁ አዞ የማይደርስበት፣ ነፋስ የማያይልበት ጥግ ምረጡ። ጎኑ በቀጭን ምስማር የተበሳሳ ሰፊ የፕላስቲክ ቱቦ አቁሙ፤ ቀዳዳዎቹ ትናንሾቹን ሞገዶች ያስቀራሉ። በውስጡ ሳንቲ ሜትር የተጻፈበት ዘንግ አኑሩ። ኃይለኛ ነፋስ ነፍሶ ባቆመ ማግስት፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ማታው 12 ሰዓት በየ10 ደቂቃው ውሃው የደረሰበትን ተማሪዎች በተራ ይመዝግቡ። በሚቻል ቀን አርባ ምንጭ በኩል ያለ ትምህርት ቤት በዚያው ሰዓት እንዲመዘግብ አድርጉ፤ እዚህ ከፍ ሲል እዚያ ዝቅ ማለቱ የሚታየው እንደዚያ ነው። ፎሬል የጀመረበት መሣሪያ ከዚህ ብዙም የረቀቀ አልነበረም። ደብተሩ ላይ ቀኑን፣ ሰዓቱንና የነፋሱን አቅጣጫ መጻፍ አትርሱ።